የወይራ አምባ የመጨረሻዋ ግብር ከፋይ

ወይራ አምባ ውስጥ ጸጉሩን ሊቆረጥ የሄደ ሰው መጀመሪያ ጫማውን ያወልቃል። ቀጥሎ በሩ ላይ ለተሰቀለው ምላጭ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ጸጉር አስተካካዩ መልአኩ ነጩን ጨርቅ አንገቱ ላይ እያሰረለት «ያደገው ሁሉ ይቀነስ» ይላል፤ ደንበኛውም «ይቀነስ» ብሎ ይመልሳል። ሥራው ሲያልቅ ሒሳብ ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ሙዳየ ምጽዋት አለ፤ ከሙዳዩ በላይ ደግሞ መባው ስንት እንደሆነ በትልቁ ተጽፏል። ከዚያ ያነሰ ያስገባ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ጎኑ ብቻ ተስተካክሎ ይወጣል። በዚህ የሚስቅ የለም። ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያደርገው በኖረው ነገር ምን ብሎ ይስቃል?

ጎሚስታው አቤል ሊቀ ጎማ ነው የሚባለው፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ይጾማል። በጎማ ጾም ቀን ከተማው ውስጥ የሚሽከረከር ጎማ የለም፤ ሚኒባሱም ባጃጁም ጋሪውም ቆሞ ይውላል። ሐሙስን ፑል ቤቱ ይዞታል። ፋርማሲው ኃጢአት ሳይሰማ ክኒን አይሰጥም፤ ስለዚህ ራስ ምታት የያዘው ሰው የሚናዘዘውን ነገር አዘጋጅቶ ነው የሚሄደው፤ ያጣ ከጎረቤት ይዋሳል። ሥጋ ቤቱ ብቻ አዲስ ጾም ማውጣት አላስፈለገውም፤ እሱ ረቡዕና ዓርብ መዝጋቱን ከጥንትም ለምዶታል።

ነገሩ ወዲህ ነው። የእምነት ተቋም ግብር አይከፍልም የሚለው ሕግ የቆየ ነው፤ የተጣላውም አልነበረም። ጣጣው የመጣው እምነት ምን እንደሆነ የሚበይን ሰው ሲጠፋ ነው። ሰው ፊት ቆሞ «ያንተ እምነት እምነት አይደለም» የሚል የትኛው ሹም ነው? ሹሞቹ ጎመን በጤና አሉና በሦስት ነገር ቆረጡት፤ ተከታይ ያለው፣ ስለት የሚገባለት፣ በዓመት አንድ ቀን የሚነግሥ ሁሉ የእምነት ተቋም ነው ተባለ። ቆጠራውንም ለሰው አልሰጡትም፤ መንገድ ዳር የተተከለው የካሜራ ዓይን ማን ለማን ጎንበስ እንዳለ እያየ ይመዘግባል። መጀመሪያ አንድ ሆቴል መዝገቡ ላይ ገባ። አንዱ ሆቴል ሲገባ ፊት ለፊቱ ያለው በምን አንጀቱ ይቀራል? እንዲህ እንዲህ እያለ ከተማው በሙሉ ጸደቀ።

በዚህ ሁሉ መሃል ግብር የምትከፍል አንዲት ሴት ቀርታ ነበር። ኤልዳና ትባላለች፤ ከገበያው በታች ወፍጮ ቤት አላት። ጀግና ስለሆነች አልነበረም የቀረችው። እልኸኛ ናት፤ በዚያ ላይ በቁም ነገር መሃል ሳቅ ይቀድማታል። አንድ ጊዜ ደንበኛ እየራቃት ሲሄድ መልአኩ አዝኖላት ሊያስመዘግባት መጣ። በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ስለ ወፍጮው ምን እንደምታምን በትሕትና ጠየቃት። አስባ አስባ ጤፍ እንደሚፈጭ ነገረችው። ሌላስ ቢላት፣ በርበሬም ይፈጫል፣ ግን ከዚያ በኋላ በደንብ መጠረግ አለበት አለች። መልአኩ ይኼ ለምዝገባ አይበቃም ብሎ አዝኖ ሄደ።

እምነት አጥታም አይደለም። የሚካኤል ጽዋ ማኅበርተኛ ናት፤ ዓርብና ረቡዕን፣ ሁዳዴንና ፍልሰታን ትጾማለች። አንድ ሆድ ለስንት ነገር ይጾማል ነው የምትለው።

ዋናው ምክንያቷ ግን ልጇ ናት። ሀሴት የመጀመሪያ ልጇን ያጣችው ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሲወስዷት፣ ድልድዩ የፈረሰበት ወንዝ ዳር፣ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ኤልዳና ያን ቀን ያየችውን ለማንም አውርታ አታውቅም፤ ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛዋለች። አሁን ሀሴት ዳግመኛ አርግዛለች። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ በወር አንዴ ቢመጣ ነው። ከተማዋ ደግሞ በግብር የሚተዳደር ነገር የቀራት አንዲት ክሊኒክ ብቻ ናት፤ ክሊኒኳ ውስጥ አንዲት አዋላጅ፣ ሲስተር ቢታንያ፣ በሯ ላይ አንድ የመንገድ መብራት። ወፍጮው ግብር ከከፈለ አዋላጅ አለች፤ ካልከፈለ የለችም። ከዚህ የተወሳሰበ ነገር አልነበረውም።

የግብር ቢሮው ሠራተኛም አንድ ናሆም ብቻ ነበር የቀረው። ሥራው በዓመት አንድ ቀን ነው፤ በቀረው ጊዜ ቢሮውን ይጠርጋል፣ የወረፋ ወንበሮቹን ይወለውላል። ኤልዳናን እንደ እናቱ ነው የሚወዳት። ጉንፋን ሲይዛት ዝንጅብል ይዞላት ይመጣል፤ ወንፊት ልትሰቅል መሰላል ስትወጣ ካየ ልቡ ይቆማል። ሸክሙ እሷ ላይ ብቻ መውደቁ ያንገበግበው ነበርና አንድ ቀን ከተሜውን አሳፍራለሁ ብሎ ክሊኒኩ በር ላይ ቆርቆሮ ሰቀለ። «ይህች አዋላጅና ይህ መብራት የቆሙት በኤልዳና ወፍጮ ግብር ነው» ይላል። ለኤልዳናም ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው፣ ሰዉ ይኼን ካየ ይግደረደር ይሆናል እንጂ መካፈሉ አይቀርም አላት። ሰዉ አየው። ያፈረ ግን አልነበረም።

የመጀመሪያዋ የሥጋ ቤቱ ባለቤት ሚስት ነበረች። መንታ በሰላም ተገላግላ ስትወጣ ቆርቆሮውን አነበበች። ከአራስ ቤት እንደወጣች ወርቃማ ዘርፍ ያለው የቬልቬት ጃንጥላ አሠርታ፣ እልል እያስባለች ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ደረሰች። ምጥ ሲጠናባት የኤልዳናን ስም ጠርታ ተስላ ኖሯል፤ ስለቷ ሰመረ። ኤልዳና ያዋለደችሽ ሲስተር ቢታንያ ናት፣ እሷን አመስግኚ ብትላት፣ ሴትየዋ በጥሞና ሰምታ ሲስተር እጅ ብቻ ናት አለች። አሁን ምን ይደረጋል? ስለት አይመለስም። የሰው ስለት የመለሰ መዓቱ ለራሱም ለተሳዩም ነው ሲባል ነው ያደገችው። ተቀበለችና ከጤፍ ጆንያው ኋላ አቆመችው።

ከዚያ ወዲያ ጧፉ፣ ምንጣፉ፣ መጋረጃው መጣ። ሰው ሊያስፈጭ ሲገባ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ፤ ወፍጮው ሲነሳ ሴቶቹ ነጠላቸውን ያጣፋሉ። ኤልዳና ይኼ ነገር ደስ አላላትም። ግን ደግሞ ደንበኛው ተመልሶ ጎረፈ፤ ገቢው ሲጨምር ግብሩም ይጨምራል፤ ናሆም ደምሮ ደምሮ ሁለተኛ አዋላጅ መቅጠር ሳይቻል አይቀርም አላት። ሀሴት ሆዷ እየገፋ ነው። ከአንድ አዋላጅ ሁለት ይሻላል ብላ አፏን ዘጋች። እዚህ ላይ ጥፋቷን መሸፈን አይገባም፤ አውቃ ነው ዝም ያለችው።

ሐምሌ ሲያልቅ ግብሯን ልትከፍል ስትወጣ ሰዉ ደጃፏ ላይ ይጠብቃታል። ጃንጥላ ዘረጉላት። ምንጣፍ አነጠፉላት። የሚኒባሱ ረዳት ከበሮ አንግቶ ከፊት ቀደመ፤ መልአኩና አቤል የየራሳቸውን የማዕረግ ልብስ ለብሰው ግራና ቀኝ ቆሙ። ኤልዳና ወደ ቤት ልትመለስ አሰበች፤ ግን የመክፈያው የመጨረሻ ቀን ነው። አንገቷን ደፍታ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ይዛ፣ በእልልታ መሃል ገበያውን ዞራ ቢሮው ደረሰች። ናሆም ከረባቱን አስሮ በሩ ላይ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«እትዬ፣ ምነው ብቻዎን በመጡ» አለ።

«ምን ላድርጋቸው? ተከተሉኝ።»

«አዎ፣ ተከተሉዎት። ስለት አስገቡ። ዛሬ ደግሞ አነገሡዎት።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አሁን ገበያውን ስትዞሩ ሲስተሙ ዘጋብኝ። የእምነት ተቋም ሆነዋል፤ ግብር መክፈል አይችሉም።»

«እኔ? እኔ እኮ ወፍጮ ነኝ፣ ናሆሜ።»

«ከእምነት ተቋም ግብር የተቀበለ ይታሰራል። መታሰሩስ ግድ የለኝም ነበር፤ ግን ብፈልግም አይገባልኝም።»

«ሀሴት መስከረም ላይ ናት» አለችው።

ናሆም አውቃለሁ ብሎ መለሰ። ከዚያ የወለወለው ወንበር ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ሰቃዩ እኔ ነኝ፣ ያን ቆርቆሮ የሰቀለው እጄ በተቆረጠ አለ። ውጪ ያለው ሰው ግብሯ ተመለሰ ሲባል ሰማና እልልታውን አቀለጠው፤ ተቀባይነት አገኘች ነው የመሰለው።

ኤልዳና እጅ እግሯን አጣጥፋ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። በነጋታው ስለቱን በሙሉ አውጥታ መንገድ ላይ ቆለለችው። ሰዉ አንድ በአንድ እያነሳ፣ እየሳመ፣ አጥቦ መልሶ አመጣላት። ወፍጮውን ዘግታ ሰነበተች፤ ሱባኤ ገባች ተባለ። ስትከፍት ደግሞ የመጣውን ሁሉ መሳደብ ጀመረች። ፋርማሲስቷን አንቺ ቀጣፊ፣ የሰው ገበና ሰምተሽ ገበያ ላይ የምትዘሪ ብላ ብትወርድባት፣ ሴትየዋ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ ኤልዳና ማንም ሳይነግራት ኃጢአቷን ማወቋ አስደነቃት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለስድብ ብቻ የሚሰለፍ ሰው መጣ።

ከምዝገባው የሚያስወጣ መንገድ ካለ ብላ ወደ መልአኩ ሄደች። መልአኩ ወንበር ስቦላት እንደ ባልደረባ አስተናገዳት። መውጫ አያውቅም፤ የወጣ ሰው አይቶ አያውቅም። እሱ የጨነቀው ሌላ ነገር ነበር፤ ሰኞ ገና ባለቤት የለውም፣ ለወፍጮ ጾም ብትይዘው ሌላ ሰው ሳይቀድማት ጥሩ ነው አላት።

የንስሐ አባቷ ቄስ ያፌት ናቸው። ሚካኤል ደጀ ሰላም ሄዳ ነገሩን ሁሉ ዘረገፈችላቸው፤ አባቴ፣ እርስዎ ይችን ሴት አታምልኩ ብለው በአደባባይ ይገሥጹልኝ አለቻቸው። ከዚህ በፊት ጎሚስታውን ገሥጸው ያውቃሉ፤ ያን ጊዜ አቤል አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠይቋቸው ነበር፤ እናንተስ ትከፍላላችሁ ወይ አላቸው።

«ድሃ እናበላለን፣ ሙት እንቀብራለን፣ ግብራችን ያ ነው አልኩት። እሱም እኮ ለድሃ በነፃ ጎማ ይነፋል» አሉ። «የቄሳርን ለቄሳር የሚለውን በየዓመቱ አነባለሁ፣ ልጄ። አንብቤ እዘጋዋለሁ። አሁን ምን አፍ አለኝና ነው ሰው የምገሥጸው?»

ለሀሴት ግን አጥብቀው እንደሚጸልዩላት ነገሯት። ኤልዳና መስቀላቸውን ተሳልማ ወጣች፤ ጸሎቱን አልናቀችም፤ ግን ሀሴት የምትፈልገው ጓንት ያጠለቀ እጅ ነው።

ሲስተር ቢታንያ ደመወዟ ከቆመ በኋላም ነሐሴን በትዕግሥት ሠራች። ጳጉሜን ሲገባ የቤት ኪራይ አቅቷት ሌላ ከተማ ሥራ አገኘች። ልትሰናበት ስትመጣ ኤልዳና እዚሁ እኔ ቤት ኑሪ፣ የበላሁትን ትበያለሽ፣ ደመወዝሽን ከእጄ እሰጥሻለሁ አለቻት። ሲስተር ይኼንንም ጠይቃ ነበር። የእምነት ተቋም ደመወዝ የሚከፍላት ሴት አዋላጅ ሳትሆን አገልጋይ ናት፤ አገልጋይ መርፌ መውጋት፣ መድኃኒት ማዘዝ አይፈቀድላትም፤ መቀባትና መጸለይ ብቻ ነው። ተቃቅፈው ተላቀሱ። ሲስተር ለሀሴት ደም ከበዛ ምን እንደሚደረግ፣ ሕፃኑ ካላለቀሰ እንዴት እንደሚያዝ ደጋግማ አስረድታት ሚኒባስ ተሳፈረች። በማግስቱ ኤልዳና ልጇን ወደ ትልቁ ከተማ ይዛት ልትሄድ ጓዝ አሰረች፤ የሌሊቱ ዝናብ ወንዙን ሞልቶት ነበርና ሲስተር የሰጠቻት ቀን ገና ነው፣ ውሃው ይጉደል ብለው ቆዩ።

ቀኑ አልጠበቃቸውም። ምጡ የያዛት በመስከረም መጀመሪያ፣ ማክሰኞ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነው። ኤልዳና ወፍጮውን እንደሚያጓራ ትታው ወደ ጓዳ ሮጠች፤ የሀሴትን ፊት ስታይ ያ የወንዝ ዳር ቀን ፊቷ ላይ ድቅን አለ። ጎረቤቷን እማማ ሶልያናን ጠርታ ልጇ ዘንድ አስቀምጣ ወደ አቤል ጋራዥ በረረች። ወንዙ ጎድሏል፤ መኪና ቢገኝ ያሻግራል።

የጎማ ጾም ነውና አቤል መኪናዎቹን በነጭ ሸማ ሸፍኖ ተቀምጧል። አዘነ፤ የእውነት አዘነ። ለሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ አይደረግም ብቻ ብሎ ይመልስ ነበር።

«ለእርስዎ ስል ጾሙን ብሽር፣ ጾም አሻረች ተብሎ ለእርስዎ ኃጢአት እንዳይቆጠር ነው የምፈራው» አላት። ነገ ንጋት ላይ ግን ራሱ ይዟት እንደሚሄድ ማለላት።

ስትመለስ ሰው መንገዱን ሞልቶታል። ጃንጥላው ሁሉ ወጥቷል፤ ጧፍ በቀትር ይነድዳል። ጸጉር አስተካካዩ፣ ሥጋ ቤቱ፣ ፋርማሲስቷ፣ የሆቴሎቹ ባለቤቶች፣ ከተማው በሙሉ ተንበርክኮ ለሀሴት ይማልዳል። ከጓዳ የሀሴት ጩኸት ይሰማል። ኤልዳና ደረጃው ላይ ቆመችና ነደዳት።

«ጸሎታችሁን ለየቤታችሁ ያዙ» አለቻቸው። «ልጄ አዋላጅ ነበራት። እናንተ ናችሁ የወሰዳችሁባት፤ እኔም አብሬያችሁ ነኝ። ከዚህ ሁሉ ሰው አንድ ሰው ግብር ቢከፍል አዋላጇ ትመለሳለች። ለእኔ አትስገዱ። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ፣ ከነገ ጀምሮ ግብር ይክፈል። ስለ ልጄ ብላችሁ።»

ሕዝቡ እስክትጨርስ ሰማት። ከዚያ ሁሉም በአንድ ድምፅ «አሜን» አለ።

ኤልዳና አሜን ሳይሆን አንድ ሰው ነው የምፈልገው ብላ ለመነች። አሁንም «አሜን» አሉ፤ ከበፊቱም በረታ። ናሆም ብቻውን ከሕዝቡ ኋላ ቆሞ ነበር፤ እጁን አወጣ። ደመወዙ ራሱ ከግብሯ ነበር የሚመጣው፤ እሱም ከቆመ ሰንብቷል፤ ከምኑ ሊከፍል? እጁን መልሶ አወረደው። ኤልዳና ገብታ በሩን ዘጋች።

እማማ ሶልያና በዕድሜያቸው ሲወለድ አይተዋል እንጂ አዋልደው አያውቁም። ሽንኩርት ቸርቻሪ ናቸው። ሲስተር ለሀሴት የነገረቻትን ሀሴት በምጥ መሃል እየቆራረጠች ትነግራቸዋለች፤ እሳቸው የሰሙትን ያደርጋሉ፤ ኤልዳና ልጇን ከኋላ ደግፋ ይዛ አምላኳን ትለምናለች። ደሙ ብዙ ነበር። ሕፃኑ እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ፣ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። እማማ ሶልያና ፈቱት፣ ጀርባውን አሹት፣ እግሩን ይዘው ገለበጡት። ዝም አለ። ኤልዳና ቀና ብላ ማየት አቃታት። ከዚያ ሕፃኑ አስነጠሰና አለቀሰ።

ውጪ እልልታው ሰማይ ቀደደ። ውስጥ እማማ ሶልያና መሬት ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ።

«ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ላይ እንዳትጠሪኝ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ምንም አላወቅኩም። በዕድሉ ነው የወጣው። እሷም በዕድሏ ነው የተረፈችው።»

ኤልዳና የእጃቸውን ጀርባ ሳመች። ሀሴት ገርጥታለች፤ ግን ትተነፍሳለች፤ ሕፃኑን ደረቷ ላይ አድርጋ ትስቃለችም ታለቅሳለችም። ኤልዳና እንዲህ ያለ ደስታ ዳግም አገኛለሁ ብላ አላሰበችም ነበር። ግድግዳውን ተደግፋ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች።

ማምሻውን ውሃ ልትደፋ ስትወጣ ሕዝቡ ተበትኗል። ናሆም ደረጃው ሥር ይጠብቃታል። እንኳን ማርያም ማረቻት ካለ በኋላ፣ ሲስተሙ የዛሬውን ነገር ተአምር ብሎ እንደመዘገበ፣ ተአምር የተመዘገበለት ተቋም ከዚያ በኋላ እንደማይሰረዝ ነገራት። የክሊኒኩንም ቁልፍ ተሳዮቿ ዛሬውኑ ተረክበውታል፤ አዋላጅ ካላስፈለገ ቤቱ ለምን ባዶ ይቀመጣል ብለው ጧፍ ሊያስቀምጡበት ነው። እሱም ነገ ወደ እህቱ ከተማ ይሄዳል። ኤልዳና እቅፍ አድርጋ ሳመችው።

እሱ እንደሄደ የመልአኩ ሚስት ኬብሮን ከአጥሩ ጥግ ወጣች። ገና ልጅ ናት፤ ሆዷ ገፍቷል። ቀረብ ብላ ጎንበስ ልትል ስትል ኤልዳና ክንዷን ያዘቻት።

«እኔም ኅዳር ላይ ነኝ፣ እትዬ» አለች ኬብሮን። «ሲስተር ከሄደች ወዲህ ፍርሃት እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። እናቴ ዘንድ ከተማ ሄጄ ልውለድ እያልኩ መልአኩን ስነዘንዘው ነው የከረምኩት። ዛሬ ግን ልቤ አረፈ። የትም አልሄድም፤ እርስዎ አሉ።»

ኤልዳና ትከሻዋን በሁለት እጇ ያዘች።

«ሂጂ፣ ልጄ። በሚካኤል ይዤሻለሁ፣ ነገ ጠዋት ሂጂ። እኔ ምንም ማድረግ አልችልም። ስሚኝ፣ የዛሬው ዕድል ነው።»

ኬብሮን ዓይን ዓይኗን እያየች በጥሞና ሰማቻት። ከዚያ ፊቷ በራ።

«እምነቴን እየፈተኑት ነው፣ አይደል?» አለች፤ ፈገግ ብላ ሆዷን ደባበሰችና ወደ ቤቷ ሄደች።